ደቻቱ ሳይሞላ የፈረምኩት

የዛሬዎቹ ልጆች ለሥራችን ስም አውጥተውለታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይሉታል። አዋጅ አለው፣ መመሪያ አለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ጥራዝ አለው። በእኛ ዘመን ስም አልነበረውም። አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ቄራ ሊከፈት ሲል ከበላይ አካል ወደ ጤና ቢሮ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይመጣል። ማሰሪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቦታው ታይቶ በሕዝብ ጤና ላይ ጉዳት የማያስከትል መሆኑ ተረጋግጦ አስተያየት እንዲሰጥበት።» ልብ በሉ፣ ጉዳት ይኑረው አይኑረው ይጣራ አላለም። አለመኖሩ ይረጋገጥ ነው ያለው። መልሱን ከጥያቄው ጋር አሽጎ የሚልክ አለቃ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላማ ለምጄዋለሁ።

እኔ ሳኒተሪያን ነበርኩ። ለማያውቅ ሰው፣ ሐኪም የታመመውን ያያል፤ ሳኒተሪያን ደግሞ ሰው እንዳይታመም ውሃውን፣ ቄራውን፣ ሽንት ቤቱን ያያል። ሠፈር ውስጥ «የሽንት ቤት ተቆጣጣሪ» ነበር የሚሉን። ስድብ ቢሆንም ውሸት አልነበረም። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ዕድሜውን በባቡር ወርክሾፕ የጨረሰ ብረት ሠራተኛ ነው። እኔ ድሬዳዋ ተወለድኩ፣ ደጋ ሄጄ ተማርኩ፣ መጀመሪያ የተመደብኩት ሚኤሶ ነው። እዚያ ከወባ ትንኝ ጋር ስታገል ከርሜ፣ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለቀ በኋላ ወደ ከተማዬ ተዛወርኩ። ደመወዜ ሚስት ለማግባት የሚበቃ፣ ልጅ ለማሳደግ የማይበቃ ነበር። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ቢሯችን ከዚራ ሠፈር ነበር፣ ከድሮዎቹ ቪላዎች በአንዱ ውስጥ። በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ አቶ ሸሪፍ ይቀመጡ ነበር። የሐረር ልጅ ናቸው። ቀጭን፣ ጥርሳቸው በጫት የጠቆረ፣ ሸሚዛቸው ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከባላገሩ ጋር ኦሮምኛ፣ ከዘበኛው ጋር ሶማልኛ፣ ከሚስታቸው ጋር ሐረሪኛ፣ ከአለቃ ጋር አማርኛ ያወሩ ነበር። ፈረንሳይኛውን የሚያወጡት ሲናደዱ ነው። በድሬ ልማድ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም አንተ ይባባላል፤ እኔም አንተ እላቸው ነበር። እዚህ አንቱ ብዬ የምጽፈው ወረቀት ስለሆነና ስለሚገባቸው ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ያስተማረኝን ነገር በአንድ ሳምንት አስረሱኝ። ደብዳቤ ሲመጣ ሌላው ሰው ካርታና ፕላን ይጠይቃል። እሳቸው ፕላኑን አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱና በማግስቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሴቶች ውሃ በሚቀዱበት ጊዜ፣ እዚያው ይገኛሉ። ካርታ ላይ የሚጠጣ ሰው አይታይም ይሉ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ቆመው ማን ከየት እንደሚቀዳ፣ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚጎድል፣ የትኛው ውሃ ሻይ እንደሚያበላሽ ይጠይቃሉ። ከዚያ የሴቶቹን ጣሳ ተቀብለው ይጠጣሉ። ከቢሮ ብርጭቆ አይዙም። አንድ ጊዜ ጣሳውን እምቢ ብዬ ስመለስ መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ሌላውን ሰው ጠጣ የምትለውን ውሃ መጀመሪያ አንተ ትጠጣለህ። አስጠልቶህ ከተውክ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ሪፖርት ይጽፋሉ። በምርቃና የተጻፈ ሪፖርት ያምራል፤ ቃላቱ ይፈሳሉ፣ ሐሳቡ ይሰፋል። ግን አይልኩትም። ማታ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉትና ጠዋት በባዶ ሆድ አንብበው ግማሹን ይሰርዙታል። ማታ የጻፈው ሸሪፍ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ምስክር አይሆንም እያሉ ይስቁ ነበር።

ዋናው ነገር ጨው ነው። የፋብሪካ ቆሻሻ ሊጠራቀምበት የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ፣ ቆሻሻው ከመግባቱ በፊት ኩንታል ኩንታል ጨው በውሃ በጥብጠን እዚያ እንደፋለን። ከዚያ በታች ያሉትን የመጠጥ ጉድጓዶች በየቀኑ እየሄድን እንለካለን። ከውሃው ትንሽ ትቀዳለህ፣ ቢጫ መለያ ጠብ ታደርግበታለህ፣ በላዩ የብር ናይትሬት በጠብታ እየቆጠርክ ትጨምራለህ። ቢጫው የሸክላ መልክ እስኪይዝ የፈጀው ጠብታ የጨዉ ልክ ነው። ቁጥሩ ካልጨመረ ሁለቱ ጉድጓዶች ከመሬት በታች አይገናኙም። ከጨመረ፣ ዛሬ ጨው ያለፈበት መንገድ ነገ ሌላውንም ያሳልፋል። ይህን የትም ያለ ሳኒተሪያን ያውቃል።

አቶ ሸሪፍ ብቻ የሚያውቁት የደቻቱን ነገር ነው። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ግን አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ከዚያ አንድ ቀን ድሬ ላይ ጠራራ ፀሐይ እያለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ግድግዳ ሆኖ ይመጣል። በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ከላይ ያለው ሁሉም ሰው የሚያየው ነው። ከታች ግን አሸዋው ይጠጣል፣ የደረቀው መሬት ይያያዛል፣ በበጋ የማይተዋወቁ ጉድጓዶች ይገናኛሉ። ስለዚህ በበጋ የተለካ ጨው ለአቶ ሸሪፍ ምንም አይነግራቸውም ነበር። ደቻቱ ሞልቶ እስኪያልፍ፣ ከዚያም በኋላ አንድ ወር፣ እስክሪብቶ አያነሱም። አንድ የሳሙና ማምረቻ ሦስት ወር አቁመው አለቆቹን ሲያስጮኹ አይቻለሁ። ወንዙ ከሞላ በኋላ ጠብታው እጥፍ ሆነ፤ ማምረቻው ሌላ ቦታ ተሠራ። ከታች ያሉት ሰዎች ከምን እንደዳኑ እስከ ዛሬ አያውቁም። የሥራችን ነገር እንዲህ ነው፤ ሲሳካ ምንም አይታይም።

በሁለተኛው እምቢታቸው ግን አነሷቸው። የትኛው ሥራ እንደነበረ መጻፍ አያስፈልግም። የስኳር ሕመምተኛ ሰው ጎዴ መደቡ፤ ደብዳቤው «ለእናት አገር ጥሪ» ይላል። የተሰናበትኳቸው አውቶቡስ ተራ ነው። ጎማ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ደቻቱን ጠብቀው» አሉኝ። «ጓዶቹ ይቆጣሉ፣ ኋላ ይተዉታል። ሁልጊዜ ይተዉታል።» ሁለት ዓመት ሳይሞላ እዚያው ሞቱ። አስከሬናቸው እንኳ ሐረር አልገባም። ጠረጴዛቸው ለእኔ ተሰጠ።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደርሻለሁ።

በሚያዝያ ወር ደብዳቤ መጣ። ከደቻቱ ዳር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ሰፊ መጋዘን ነበር። እዚያ ውስጥ ቆዳ ማልፊያ ሊቋቋም ነው። ማሽኖቹ መጥተዋል፣ የቆሻሻው ጉድጓድ ከጀርባ ተቆፍሯል፣ የቀረው የእኛ አስተያየት ብቻ ነው። የሚመረቀው በመስከረም፣ በአብዮት በዓል ነው፤ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። የቢሯችን ኃላፊ ጓድ ታምራት ደብዳቤውን በእጁ ይዞልኝ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። አራት ልጆች ያሉት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚነሣ፣ የፈራ ሰው ነበር።

ከመጋዘኑ በታች፣ ሩቅ ሳይሆን፣ ከአሸዋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሠፈር አለ። ቧንቧ አልደረሰውም። የሚጠጡት በእጅ ከተቆፈሩ፣ በድንጋይ ከተገነቡ ሦስት ጉድጓዶች ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሄድኩ። ወረፋውን የሚይዙት አዴ ሞሚና የሚባሉ ሴት ነበሩ። ገመዱና ባልዲው የእሳቸው ነው። ማንም የራሱን ባልዲ አይጥልም፤ ሁሉም በእሳቸው ባልዲ ይቀዳል፣ የተጣላ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይሄዳል። ጉድጓዱ ንጹሕ የሆነው በዚህ ደንብ ነው፤ እኔ ከዚያ የተሻለ ደንብ ጽፌ አላውቅም። ከጎናቸው ልጃቸው ዘይነብ ቆማለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። የአዴ ሞሚናን ጣሳ ተቀብዬ ጠጣሁ። የሚጣፍጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። እንዴት ነው አሉኝ፤ ከቢሮዬ ቧንቧ ይሻላል አልኳቸው፤ ሳቁ። እንግዲህ የደከምኩለት ውሃ ይህ ነው።

ስድስት ኩንታል ጨው ደፋሁ። ራሴ ቆሜ አስበጠበጥኩ፣ ቀመስኩ። ከዚያ በየጠዋቱ ሦስቱንም ጉድጓዶች እየለካሁ አንድ ወር ከረምኩ። ጠብታው አንድም አልጨመረም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ደቻቱ ገና አሸዋ እንደሆነ አውቅ ነበር። የማያውቅ ሰው ቢያደርገው ይቅር እለዋለሁ፤ እኔ የሚያውቅ ሰው ነኝ።

በሰኔ ጓድ ታምራት ጠራኝ። ወንዙ እስኪሞላ እንጠብቅ አልኩት። ወንዙ እስከ መስከረም ባይሞላስ አለኝ። እንግዲያው በመስከረም አይከፈትም አልኩ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሸሪፍ የት እንደተቀበረ ታውቃለህ?» አለኝ። ማስፈራራት አልነበረም። እየለመነኝ ነበር፤ ለእኔም ለራሱም።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። «እስካሁን በተደረገው ምርመራ ከቆሻሻ ጉድጓዱ ወደ መጠጥ ውሃ የሚያልፍ ነገር አልተገኘም» አልኩ። እስካሁን የምትለዋ ቃል ላይ ተስፋዬን ሁሉ ጥዬ ነበር። ጓድ ታምራት አነበበና በእርሳስ ከበባት። «እስካሁን ምን ማለት ነው? የሚያነበው ሰው ነገስ ይላል» አለ። ሰረዝኩና እንደገና አስተየብኩ። ፈረምኩ። ጫት በአፌ አልነበረም፣ ምርቃና አልነበረኝም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በጤናዬ ነው የፈረምኩት።

በሐምሌ ፋብሪካው ለሙከራ ሥራ ጀመረ። ጨው የበላ ጥሬ ቆዳ በመኪና ይገባል። ብል እንዳይበላው የተነሰነሰበት ዱቄትም አብሮ ይገባል። ጠጉሩን የሚያራግፍ መድኃኒት አለ፤ ቆዳውን የሚያለፋ ሌላ መድኃኒት አለ። ሁሉም ታጥቦ ወደዚያ ጉድጓድ ይሄዳል። ምን ምን እንደሚገባ ዝርዝር ጠይቄ ነበር። የፋብሪካ ምስጢር ነው ተባልኩ። ዘይነብ በዚያው ወር ሴት ልጅ ወለደች፤ ኢፍቱ አሏት።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደቻቱ ሞላ። ድሬ ላይ አንድ ጠብታ አልዘነበም። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ያያል፤ ዛፍ ሲያልፍ፣ ፍየል ሲያልፍ። እኔም ቆሜ አየሁ። የማየው ግን ወደ መጋዘኑ በኩል ነበር።

በሦስተኛው ቀን አዴ ሞሚና ሰው ላኩብኝ። ጠዋት ከዚራ ካለች ሻይ ቤት ፉል በዳቦ በልቼ ሄድኩ። ሴቶቹ ባልዲውን ከበው ቆመዋል። «ጨው ሆነ» አሉኝ አዴ ሞሚና። «ትላንት ትንሽ ነበረ፣ ዛሬ ባሰ።» ጣሳውን ሞልተው ሰጡኝ።

ወደ አፍንጫዬ አቀረብኩት። ቀለሙ ደህና ነበር። ሽታው ግን የጨው ሽታ አልነበረም። እንኳን ሳኒተሪያን፣ ማንም ሰው ያውቀዋል፤ ቆዳ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይሸት ነበር፣ ከሩቅ፣ ግን ይሸት ነበር። በዚያች ቅጽበት ራሴን ያሳመንኩበትን ነገር ልንገራችሁ። ይህ በግንቦት የደፋሁት የእኔ ጨው ነው፣ ዘግይቶ መጣ አልኩ። ንጹሕ ጨው ነው፣ ታጥቦ ያልፋል አልኩ። ጨዉ ከመጣ የቀረውም በዚያው መንገድ እንደሚመጣ ለማወቅ ዓመታት ተምሬያለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ የምስቅበትን ነገር ለራሴ ነግሬ አመንኩት።

«አዴ፣ ጨው ነው» አልኳቸው። «ወንዙ ነው ያመጣው። ጨው ሰው አይገድልም። ጠጡት፣ በጥቂት ቀን ይለቃል።»

ጣሳው በእጄ ነው። ሁሉም ያዩኛል። ከንፈሬ ሊነካው አልቻለም። ያን ጊዜ ጾመ ፍልሰታ ነበር። «ጾም ነኝ» አልኩና መለስኩላቸው።

ጾም ካቆምኩ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ የሚጾም ሰው ኋላ ቀር ይባላል፤ ፈርቼ ተውኩት፣ ኋላም ለመደኝ። ፍልሰታ የመጣልኝ ከጣሳው ስለሚያስመልጠኝ ብቻ ነው። አዴ ሞሚና ወዲያው ጣሳውን ተቀበሉኝ፤ ደግሞም አፈሩ። ጾመኛን ውሃ አቀረብኩበት ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። አላህ ይቀበልልህ አሉኝ። ሴቶቹም ተከትለው አሉኝ። አሜን አልኩ።

በጠርሙስ ቀድቼ ቢሮ ገባሁ። የብር ናይትሬቱን እያንጠባጠብኩ ቆጠርኩ። ከለመድኩት አልፎ ሲሄድ መቁጠር ተውኩ። ጠርሙሱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ምረቃው አራት ሳምንት አይቀረውም፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል፣ በወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሐሳቤ ሌላ አልነበረም፤ ከታች ስለሚጠጡት ሳይሆን ስለ ጎዴ ነበር የማስበው።

ጠጡት ባልኩ በስድስተኛው ቀን ፍየሎች መሞት ጀመሩ። ከዚያ ሰዎችን አስታወካቸው፣ ሆዳቸው ተቆረጠ፣ እግራቸው ተንቀጠቀጠ። ሮጥኩ፣ ያን ጊዜ ሮጥኩ። ጓድ ታምራት ክፍል ገብቼ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ ውሃው ተመርዟል፣ ጉድጓዶቹ ዛሬ ካልተዘጉ እኔ ራሴ ገመዱን እቆርጣለሁ አልኩት። የሚገርመው፣ አልተቆጣም። ከመሳቢያው ማኅተም አውጥቶ እሺ አለ። ለካ እሱም የሚጠብቀው አንድ ሰው እንዲነግረው ነበር። ስድስት ቀን ቀድሜ ብገባ ኖሮ ያንኑ እሺ ይለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን ማሰብ ደግሞ አያስተኛም።

ከቀበሌው ሰዎች ጋር ሄደን ሦስቱንም ጉድጓዶች በድንጋይ ደፈንን። ውሃ በቦቴ እንዲመጣ ተደረገ። ብዙዎቹ ተነሡ። ሁለት ሽማግሌዎች አልተነሡም። ዘይነብም አልተነሣችም። አራስ ነበረች፣ ታጠባለች፣ ከሁሉም የበለጠ ውሃ የምትጠጣው እሷ ነበረች። መዝገቡ ላይ «የአንጀት ሕመም» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ እንዳይጻፍ ግን አልከለከልኩም። ፋብሪካው በመስከረም በሰንደቅ ዓላማና በማርሽ ተመረቀ። ሌላ ጉድጓድ ራቅ ብሎ ተቆፈረለት። በሁለተኛው ዓመት የቆመውም ሰው ስለሞተ ሳይሆን መለዋወጫ ስላጣ ነው።

ለቅሶው ሄድኩ። ወንዶቹ ከውጭ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። የአዴ ሞሚና ወንድ ልጅ አብዲ ሲያየኝ ብድግ አለ። ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያወርድ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። «ውሃው ጨው ነው ብለህ ያጠጣኸን አንተ አይደለህም?» አለኝ። ሌሎቹም ተነሡ። እውነቱን ለመናገር ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ የሆነ ነገር ይሆን ነበር።

አዴ ሞሚና ድምፁን ሰምተው ከሴቶቹ መሃል ወደ በሩ ወጡ። ኢፍቱን ታቅፈዋል። በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲሏቸው ወንዶቹ ባሉበት ቆሙ። ከዚያ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ደገሙት።

«አብዲ፣ ቁጭ በል። ይሄ ሰው ያን ቀን ጾም ነበረ። ጾም ባይሆን ከኛ ጋር ይጠጣ ነበረ፣ ከኛ ጋር ይታመም ነበረ። ጉድጓዱን ማን ዘጋው? እሱ ነው።»

አብዲ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አዴ ሞሚና ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ።

«ዘይነብ አልጠጣም ብላ ነበር። ሸተተኝ አለች። እኔ ተቆጣኋት። ሰውዬው ጾመኛ ነው፣ በጾም ቀን ሰው አይዋሽም አልኳት። አንቺ ከመንግሥት ሰው የበለጠ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። እኔ ነኝ ያጠጣኋት። በእጄ። አንተ ላይ ጥፋት የለም።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በልቼ ነበር፣ ዋሽቼሻለሁ ማለት። ቢመቱኝም፣ ቢያስሩኝም፣ እኚያን ሴት ከዚያ ሸክም የሚያወጣቸው ያ ብቻ ነበር። አብዲን አየሁት፣ እጆቹን አየሁ። አንድ ሰው ሻይ አቀረበልኝ። ተቀበልኩና ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርቻለሁ። ሐረር ሠርቻለሁ፣ አሰበ ተፈሪ ሠርቻለሁ፣ መንግሥት ተለውጦ ደግሞ ወደ ድሬ ተመልሻለሁ። ደቻቱ ሳይሞላ አንድም ወረቀት አልፈረምኩም። አለቆች ተቆጥተዋል፣ ኋላም ትተውታል፤ አቶ ሸሪፍ እንዳሉት ነው። የሰው ጣሳ አልመለስኩም፤ በአንዱ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ሚዛን ይነሣልኝ ብዬ አይደለም። አይነሣም። ጡረታ ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ። ንግግር ያደረገው ወጣት ኃላፊ በዚያ ክፉ ዘመን ሳይፈራ የተመረዙ ጉድጓዶችን ያስዘጋ ጀግና ብሎ አነሣኝ። ተጨበጨበልኝ።

አዴ ሞሚና ብዙ ዓመት ኖሩ። ኢፍቱን አሳደጉ፣ ዳሩ። ሰዎች እንደነገሩኝ ከዚያ ወዲህ ለማንም ውሃ በእጃቸው ቀድተው አልሰጡም፤ የፈለገ ራሱ ይቀዳል። ለምን ሲባሉ፣ እጄ ልጄን ገድሏል ይሉ ነበር። ይህን በሰማሁበት ቀንም መንገዱን አውቀው ነበር፣ እግሬም ደህና ነበር። አልሄድኩም። በዚህ ዓመት በጾማቸው ወር ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምኩ።

ኢፍቱ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሠፈር ትኖራለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉልበቴን ልትስም ትጎነበሳለች፤ አያቷ እንዲህ አድርጊ ብለው ነግረዋታል። ሥራ ያላት፣ ማንበብ የምትወድ ልጅ ናት። ይህን ጽሑፍ ከሌላ ሰው በፊት ለእሷ እሰጣታለሁ። ኢፍቱ፣ ያን ቀን ጾም አልነበርኩም። ውሃው ሸትቶኝ ነው ያልጠጣሁት። እናትሽም ሸትቷት ነበር፤ ልክ ነበረች። እሷን ያጠጣት የአያትሽ እጅ አይደለም፣ የእኔ ነው።